የታጠፈው አውራ ጣት

ሱፐርቫይዘሩ ሐሙስ እንደሚመጣ ቲቸር ኔቨር የሰማችው ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ በልጆቹ መሃል እየተሹለከለከ መጥቶ አጠገቧ ቆመና፣ ከንፈሩን እንኳን ሳያንቀሳቅስ በሚመስል ድምፅ፣ «ቲቸር፣ ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የእርስዎ ነው፤ ይዘጋጁበት» ብሏት አለፈ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተደላድሎ ተቀመጠ። ሻይ ስትጠጣ እዚያው ነው፤ ደብተር ስታርም እዚያው ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሰው ሲገፋትም አልተነቃነቀም።

ፈሪ አልነበረችም ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆናል። ፈሪ ናት። ውሻ ትፈራለች፣ አሳንሰር ትፈራለች፣ ያለ ሰዓቱ የሚጮህ ስልክ ትፈራለች። ከሁሉም በላይ የምትፈራው ግን ማህደር ታቅፎ ከክፍሏ ኋላ የሚቀመጥ ሰው ነው። ልጆቿ ፊት ብቻዋን ስትቆም ሌላ ሴት ናት፤ ሽንጧን ገትራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቀሚሷ በጠመኔ ነጥቶ ስትንጎራደድ ያየ ሰው ያችን ፈሪ አያምናትም። በሩ ተንኳኩቶ አንድ ትልቅ ሰው ብቅ ሲል ግን ምላሷ ይተሳሰራል።

ቲቸር ኔቨር ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ተማሪዎቿ ናቸው ያወጡላት። የምታስተምረው ሰባተኛ ክፍልን፣ እንግሊዝኛ ነው። በየዓመቱ አንድ ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ፊቷ ይፈካል፤ ሰው እስከ ዛሬ ያደረገውንና ያላደረገውን የሚጠያየቅበት ምዕራፍ ነው። ልጆቹ ከመጽሐፉ እያነበቡ ይጠይቋታል። «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ለንደን?» ለንደን ሄደሽ ታውቂያለሽ ወይ ማለት ነው። «ኔቨር!» ትላለች፤ በጭራሽ ማለቷ ነው። በአውሮፕላንስ በረሽ ታውቂያለሽ? ኔቨር። ግመል ላይስ ወጥተሽ? ኔቨር። አንድ ዓመት አንዱ ቀበጥ ከመጽሐፉ ወጣ ብሎ፣ አግብተሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲል ጠየቃት። እሷ ምንም ሳይመስላት «ኔቨር!» ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ተሻገረች። ስሙ በዚያው ተለጠፈባት። አልከፋትም፤ ኑሮዋ ለዚያ ምዕራፍ ምሳሌ እንዲሆን በልክ የተሰፋ ይመስል ነበርና።

ሐሙስን የፈራችው ግን ለባዶ አይደለም። የጂኦግራፊው መምህር ክፍሉ በሱፐርቫይዘር ከታየ በኋላ «ለጊዜው» ተብሎ ወደ መጻሕፍት ማከማቻ ተመድቦ ነበር። ያ ጊዜ እስካሁን አላለቀም። ማከማቻው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለ፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ክፍል ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያራግፍ ይውላል፤ ሲያልፉ ሰላም ካሉት ወሬውን አይጨርስም፣ የሚያዋራው ሰው አጥቷልና። በመጪው ክረምት ጡረታ ይወጣል። ወንበሩ ሰው ይፈልጋል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ቲቸር ኔቨርን ሲያይ፣ ልክ ለመጋረጃ መስኮት እንደሚለካ ሰው ከላይ እስከ ታች ይቃኛታል። ከክፍል ከወጣች ምን ትሆናለች? ልጆች ፊት ካልቆመች የቀረችው ያቺ ውሻና አሳንሰር የምትፈራው ሴት ብቻ ናት።

ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ክፍል ማሰናዳት የዚያ ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ ልማድ ነው። እንግዳው «ይህ ክፍል ንቁ ነው» እንዲል፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ልጅ ሁሉ እጁን ያወጣል። ችግሩ የማያውቀው ልጅ በስህተት የተጠራ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን እንዲያወጣ ይነገራቸው ነበር። ይህችን ዘዴ አንድ ዓይነ ፈጣን ሱፐርቫይዘር ነቃባትና ግራ እጆችን እየመረጠ ሲጠራ ውሎ መምህራኑን ጉድ አደረጋቸው። ቲቸር ኔቨር ያኔ ገና ወጣት ነበረች፤ አልተያዘችም፤ ግን ፍርሃት ብልሃት ያስተምራል አይደል፣ ቤቷ ገብታ ስታወጣ ስታወርድ የራሷን ዘዴ ፈጠረች። የሚያውቅ ጣቶቹን ሁሉ ይዘረጋል፤ የማያውቅ አውራ ጣቱን መዳፉ ላይ ያጥፋል። ከኋላ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው የእጅ ጀርባ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ከፊት ለቆመችው ለእሷ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህን ምስጢር ለአንድም ባልደረባዋ አልነገረችም። የእሷና የተማሪዎቿ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሲያመች ለእንግዳ ቀን ብቻ አይቆይም። ቀስ በቀስ በአዘቦቱም ቀን አውራ ጣት ማየት ለመደች። የተዘረጋውን ትጠራለች፣ ልጁ ይመልሳል፣ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች፣ ትምህርቱ እንደ ውሃ ይፈሳል። መጽሐፉን በጊዜው የምትጨርስ እሷ ብቻ ነበረች።

ረቡዕ ማታ ራት ሳይቀርብ ከእህቷ ፊት ቆማ ተለማመደች። ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት። ታላቅ እህቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ ጥርስ የማታስከድን ሴት ናት።

«እትዬ፣ እስቲ ለአፍታ ተማሪ ሁኚልኝ» አለቻት።

«በዚህ ዕድሜዬ? ደብተር ግዢልኛ!»

«ቀልዱን ተዪው፣ በሞቴ። ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን ኤ ላየን?»

«ምን አልሽኝ?»

«አንበሳ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው።»

«ከዚህ መኪና መቼ ተነስቼ! ያየሁት አንበሳ ሟቹ ባሌ ሲናደድ ብቻ ነው።»

ታናሽየዋ አልሳቀችም። ጠመኔ በሌለው እጇ አየሩ ላይ እየጻፈች ክፍሉን ትዞራለች። እህቷ መርፌውን አቁማ አየቻት፤ አንጀቷን በላቻት።

«ምን እንዲህ ያንቀጠቅጥሻል? ልጆቹ እንደሆኑ ያውቃሉ።»

«የሚያውቁት ያውቃሉ። የማያውቁት ጣታቸውን ያጥፋሉ» አለችና ምስጢሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረቻት።

ታላቅየዋ እጇን አወጣች። አውራ ጣቷን ዘረጋችው፣ አጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው። «ቆንጆ ነው» አለች፤ «ታዲያ ያጠፈው ልጅ በኋላ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? እጁን ያወርዳላ።»

«እሱማ ያወርዳል። ከዚያስ?»

«እትዬ ደግሞ! ነገ ሰው ይመጣብኛል እያልኩሽ አንቺ ነገር ትቆፍሪያለሽ።»

«እሺ እሺ፣ ተውኩት» አለች እህቷ፤ መኪናዋንም ረገጠች። ቲቸር ኔቨር ግን ጥያቄውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አንድም ተማሪ ረስቼ አላውቅም እያለች ትኮራ ነበር። እውነትም መንገድ ላይ ትልልቅ ሰዎች ያስቆሟታል፤ አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ እሷም ወንበራቸውን ሳይቀር ታስታውሳለች። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን፣ አይተዋት ሰላም ሳይሉ የሚያልፉትን፣ አስባቸው አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሸሚዟን ስትተኩስ አንገትጌው ጋ አሳረረችው። ሌላ ለበሰች። ክፍል ስትደርስ ልጆቹ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጫማቸውን ወልውለው እንደ ሠርግ አጃቢ ተደርድረዋል። «ጣታችሁን እንዳትረሱ» አለቻቸው በሹክሹክታ። ሱፐርቫይዘሩ ከደወሉ ጋር ገባ፤ ርዕሰ መምህሩ እስከ በሩ አድርሶት ተመለሰ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጺሙን በጥንቃቄ ከርክሟል፤ ትከሻው ሰፊ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና ወደ ኋላ ሄዶ መጨረሻው ዴስክ ላይ ዝምተኛዋ ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። ልጅቷን ሁሉም ዝምተኛዋ ነው የሚሏት፤ ሌላ የሚነገርላት ነገር ስለሌለ ነው። የሰውየው ጉልበት ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞረ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እርስዎ...» ብላ ጀመረችና የቀረውን ቃል ውሃ በላው። ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጠመኔ ስትጨብጥ ነፍሷ መለስ አለች።

ጥያቄውን በነጭ ጻፈች፤ ትንንሾቹን ቃላት፣ ነገሩ መቼ መሆኑን የሚናገሩትን፣ በቀይ። ልጆቹ ለእነዚያ ቀይ ቃላት የምትሰጠውን ማብራሪያ በቃላቸው ያውቁታል። «ጀስት» አለች፤ «ሻዩ አሁን ተቀድቶ ገና እየጨሰ ነው። ኦልሬዲ፣ አንተ ስትደርስ ሻዩ ተጠጥቶ አልቆ፣ ብርጭቆው ታጥቦ ጠበቀህ። ዬት፣ ሻዩ ይመጣል ይመጣል እየተባለ ይጠበቃል፣ እስካሁን ግን የውሃ ሽታ ነው። ኔቨርስ?» ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ «እዚያ ቤት ሻይ ተፈልቶ አያውቅም!» አሉ። እሷም ሳቀች። በጎን ዓይኗ ወደ ኋላ አየች። ሱፐርቫይዘሩ አልሳቀም። ሰሌዳውን ነው የሚያየው።

ጠየቀች። እጆች ተግተለተሉ። የተዘረጋ ጣት መርጣ የክፍል አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋ ዘላ ተነስታ ከመጽሐፍ የተቀዳ የመሰለ መልስ ሰጠች። «ቬሪ ጉድ!» ሌላ ጠየቀች፣ ሌላ የተዘረጋ ጣት ጠራች። «ቬሪ ጉድ!» ሁሉም ነገር በመስመሩ ሄደ። ሰውየው ግን አይጽፍም። እስክሪብቶው ማህደሩ ላይ ተጋድሟል። የሚጽፍ ሱፐርቫይዘር ያስፈራታል፤ የማይጽፍ ግን ይብስ ኖሯል። ምን አይቶ ነው? ስህተት ጻፍኩ? ዞራ ሰሌዳዋን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ምንም የለም።

«ዬትን አስገብቶ ጥያቄ የሚሠራልኝ ማነው?» አለች። እጅ ሁሉ ወጣ። የኋላው ዴስክ ላይ የዝምተኛዋም እጅ ወጣ፣ እንደ ወትሮው አውራ ጣቱ ታጥፎ። ከአጠገቡ ሌላ እጅ ወጣ። ትልቅ እጅ ነው፤ የእጅ ሰዓት አለበት። የሱፐርቫይዘሩ እጅ ነው።

አስተያየት ሊሰጥ ይሆናል ብላ አፏን ከፈተች። ከዚያ መዳፉን አየች። አራት ጣቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አውራ ጣቱ መዳፉ ላይ ታጥፏል።

ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ አላነሳችውም። ይህን ምልክት በዓለም ላይ ከእሷ፣ ከተማሪዎቿና ትናንት ማታ ከነገረቻት እህቷ በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ይህ ሰው እዚህ ተቀምጦ ያውቃል። ፊቱን በዓይኗ በረበረችው፤ ጺሙን አነሳችለት፣ ትከሻውን አጠበበችው፣ ቁመቱን አሳጠረችው። የለም። ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አንድም ቦታ አላገኘችውም። ያስታወሰቻቸው ልጆች በሙሉ አውራ ጣታቸው የተዘረጋ ነበር። ከዚያ በላይ ያስደነገጣት ነገር የለም።

የክፍል አለቃዋ እጇን እያርገበገበች ልትበር ደርሳለች። እሷን መጥራት ይቻል ነበር። አንድ ጊዜ አለቃዋን ብትጠራ፣ ጥያቄው ይመለሳል፣ ደወል ይደወላል፣ ያ ሰውም እንደ ድሮው እጁን ያወርዳል። አፏ በልማዱ ወደ አለቃዋ ሊዞር ሲል አስቆመችው።

«አንተ» አለች። እርስዎ ልትል ነበር፣ አንተ ወጣ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሱፐርቫይዘሩ ሲነሳ ጉልበቱ ዴስኩን መታው። ያ ሰፊ ትከሻ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አጥቷል።

«አላውቅም፣ ቲቸር» አለ።

ልጆቹ ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ሱፐርቫይዘር በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። በአዘቦት ቀንም ቢሆን ከሰማችው ስንት ጊዜዋ!

«ምኑን ነው የማታውቀው?» አለች።

«ዬትን። ቦታዋን አላውቀውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሲንስ ግሬድ ሰቨን፣ ቲቸር።» ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ማለቱ ነው። ልጆቹ እንደገና ሳቁ፤ ሰባተኛ ክፍል እነሱ ናቸውና። እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የጠመኔውን ስባሪ አነሳች። የማያውቅን ሰው እንዴት እንደሚያስተምሩት ለማስታወስ ሰሌዳው ፊት ቆማ ቆየች፤ የሚያውቁትን ስትጠራ ኖራ እጇ ሥራውን ረስቶታል።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ሻዩን እየጠበቅን ነው። እስካሁን አልመጣም። ዬት የሚጠብቅ ሰው ናት፤ የሚጠብቅ ሰው የት ይቀመጣል?»

«በሩ አጠገብ?» አለ ሰውየው።

«በሩ አጠገብ። ከሁሉም መጨረሻ። ጥያቄም ሲሆን ከዚያ አትነሳም። በል እንግዲህ ጠይቀኝ።»

«ሃዝ ዘ ቲ ካም... ዬት?» ሻዩ መጣ ወይ ማለቱ ነው።

«ኖት ዬት፣ ገና ነው» አለች። ቬሪ ጉድ ማለት አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ አፈረችና ተወችው። ዝምተኛዋ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ሰውየውን አፍጥጣ ታየዋለች፤ ጣቱን ያጠፈ ትልቅ ሰው አይታ አታውቅም። ደወሉ ተደወለ።

ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ሲጠብቅ ነበር። «እንዴት አገኟት?» አለ፤ እሷ እዚያው መቆሟን ሳይቆጥር።

«ገና አላየሁም» አለ ሱፐርቫይዘሩ። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

«ቀኑን ቢነግሩን...»

«አልናገርም» ብሎ ማህደሩን ብብቱ ሥር ከተተ። ርዕሰ መምህሩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ ልጆች እየተጋፉ በመሃላቸው ያልፋሉ። ተከትላው ወጣች፤ እርስዎ ትበለው አንተ ግራ ገባት። «ልታዋርደኝ ነው የመጣኸው?» አለችው።

«ኧረ በፍጹም፣ ቲቸር!» ፊቱ ቀላ። «እጄን ላወጣ አላሰብኩም ነበር። አጠገቤ ያለችው ልጅ ጣቷን ስታጥፍ ከጎን አየኋት። ከዚያ እጄ ራሱ ወጣ። ሥራዬም ቢሆን ያስጠይቀኛል።»

«የት ነበር የምትቀመጠው?»

«እሷ ያለችበት ዴስክ።»

አንገቷን ደፋች። የተሳለ ነገር ተናግሮ ቢሆን ይሻላት ነበር። ሰውየው ግን ቂም የያዘ አይመስልም፤ እንዲያውም እሷን ማጽናናት የፈለገ ይመስላል፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳመማት። «ሻዩን አልረሳሁትም እኮ» አለ። «ቤቴ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። እያንዳንዱን ቀን ጠብቄዎታለሁ፣ ቲቸር። ዛሬ ትጠራኛለች እያልኩ። አንዳንዴ ጣቴን ዘርግቼም አውቃለሁ፤ ግን ፈርቼ ቶሎ አጥፈው ነበር።»

«ስምህ ማን ነበር?» አለች።

ነገራት። እስከ አያቱ ነገራት። ስሙን ስትሰማ አወቀችው፤ ፊቱን አይደለም፣ ስሙን። ያን ስም ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ ጠርታዋለች፤ «አቤት» ይላል፣ ምልክት ታደርግበታለች። ለጥያቄ ግን አንድ ቀን እንኳን ጠርታው አታውቅም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሱም አይቶ እንዳላየ ሆኖ ደረጃውን ወረደ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ከሐሙሱም የባሱ ነበሩ። የሚመጣበት ቀን አይታወቅምና በየቀኑ ይመጣል ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ እርምጃ በተሰማ ቁጥር ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። ክፍል ማሰናዳትም አይቻላትም። አንድ ማለዳ ለልጆቹ፣ «ጣታችሁን እጠፉ፣ አልከለክላችሁም፤ ከእንግዲህ ግን የምጠራው ያጠፈውን ነው» አለቻቸው። ክፍሉ አጉረመረመ። የክፍል አለቃዋ ሦስት ቀን አኮረፈች። ትምህርቱ እንደ ውሃ መፍሰሱ ቀረና እንደ ጭቃ መንገድ ሆነ፤ አንድ ልጅ አንዲት ጥያቄ ይዞ ሩብ ሰዓት ይቆማል፣ ሌላው ያንጎላጃል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሲጠሩ ያለቅሳሉ። የምታደርገው ነገር ትክክል ይሁን አይሁን አታውቅም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ያያል። «ቲቸር፣ ሌሎቹ ሁለት ምዕራፍ ቀድመውዎታል» አላት አንድ ቀን። የጂኦግራፊው መምህርም ወሬ ሳይደርሰው አልቀረም፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተጠግቷት፣ «የማከማቻው ወንበር ድሮ ይቆረቁር ነበር፤ አሁን ትራስ አድርጌበታለሁ» አላት፤ ከልቡ ሊያጽናናት ነው። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ዝምተኛዋን መጥራት ግን አቅቷት ቆየ። ሁለት ጊዜ ጠርታት ልጅቷ ቆማ መሬት መሬት አየች፤ ድምፅ አልወጣትም። በሦስተኛው ወደ ሰሌዳው አስወጣቻት፤ አፏ ባይናገር እጇ ይናገር እንደሆነ ብላ። ቀዩን ጠመኔ ሰጠቻት። ልጅቷ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ቆመች። አንድ ቃል ጻፈች፣ አጠፋችው። ደግማ ጻፈች። ክፍሉ ተቁነጠነጠ። አለቃዋ፣ «እኔ ልንገራት፣ ቲቸር?» አለች። «ዝም በይ፣ የእሷ ነው» አለቻት። ቲቸር ኔቨር ከጎን ቆማለች። ልጅቷ ሦስተኛውን ቃል ጻፈች። አራተኛው ላይ እጇ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ።

ማታ ቤቷ ስትገባ እህቷ እንደ ልማዷ መኪናዋ ላይ ነበረች። ፊቷን አየቻትና እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«ምነው? ሰውየው መጣ እንዴ?»

«መጣ።»

«ውይ! ታዲያ ምን አለ?»

«ምንም። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ልጅቷ ጽፋ እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ገብቶ ኋላ ተቀመጠ፤ ሲወጣም ለርዕሰ መምህሩ ለማከማቻው ሌላ ሰው ፈልጉ አለው።»

«እልል በያ ታዲያ! ምን ትቆሚያለሽ እንዲህ?» አለች ታላቅየዋ፤ ተነስታ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ መሃል ላይ ግን አንድ ነገር ገረማት። «ቆይ እንጂ፤ ሱፐርቫይዘር የሚያህል ሰው በር ላይ ምን ገተረው? ግባ አላልሽውም?»

ቲቸር ኔቨር ቦርሳዋን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ጣቶቿ እስካሁን በቀይ ጠመኔ ተለውሰዋል።

«እጄን እንዲህ አድርጌ፣ ቆይ፣ ገና አልጨረስንም አልኩት።»

«ሱፐርቫይዘሩን? አንተ ብለሽ?»

«ተማሪዬን» አለች።